በጋሼ ስም የተነፋ ትራምፔት

ኅዳር 3

ለአክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ጉልበትሽስ? የአውቶቡስ ወንበር ብዙ ሰዓት እንደማይስማማሽ አውቃለሁና ሐሳቤ እሱ ላይ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ አሠርቻለሁ፤ የጋሼን ክፍል መስኮትም ጠዋት ጠዋት እከፍታለሁ።

ለምን መጥቼ እንዳልሸኘሁሽ ጠይቀሻል፤ ሰው ሁሉ የት ሄደች ሲልሽ አሟታል ብለሽ መመለስሽንም ጽፈሻል። አልታመምኩም። አውቶቡሱ ጎን ላይ የተለጠፈውን የባልሽን የጋሼን ፎቶ፣ ከሥሩ «የመጨረሻው ትንፋሽ፦ የመታሰቢያ ጉዞ» የሚለውን ጽሑፍ እያየሁ እጄን ማወዛወዝ አቃተኝ። የቀረሁት ለዚህ ነው።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከመሄዳችሁ በፊት የባንዱ መሪ ፒያኒስቱ ጋ ሄጄ ነበር። በጋሼ ቦታ የሚቆም ነፊ እየፈተነ መሆኑን ስሰማ ትራምፔቴን ይዤ ወደ ልምምድ ክፍሉ ገባሁ። ከመጨረሻው አልበም ሦስተኛውን ዜማ ንፊ አለኝ። ነፋሁት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጎበዝ ነሽ፤ ግን ቅጂ ነሽ። የሳቸውን ትንፋሽ አንድ በአንድ ሸምድደሽዋል። እኔ የራሱ ድምፅ ያለው ሰው ነው የምፈልገው።» ባሲስቱ በአፍንጫው ሳቀ። ፒያኒስቱ ቀጠለና ሕዝቡ በጋሼ ቦታ ቀሚስ ቆሞ ማየት እንደማይፈልግ አስረዳኝ። ሱሪ ነበር የለበስኩት።

እትዬ፣ የነፋሁት የራሴን ነው። እሱ ይህን አያውቅም፤ አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ጋሼ ከዚያ ሕመም በኋላ ከንፈራቸው ትራምፔት መያዝ አቃተው። ባንዱ የራሱን ድርሻ ስቱዲዮ ውስጥ ቀርጾ ሲጨርስ፣ ጋሼ የኔን ቤቴ ሆኜ ብቻዬን ነው የምነፋበት ብለው ቀረጻውን ይዘው መጡ። ሰዉም የትልቅ ሰው አመል ነው ብሎ ተወው። ከዚያ የሆነውን እዚህ ልጻፈው፤ አንዴ እንኳ ወረቀት ላይ ይስፈር። እሳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ዜማውን በጉሮሯቸው ያንጎራጉሩልኛል፣ እኔ በጆሮ ማዳመጫ ባንዱን እየሰማሁ እነፋለሁ፣ አንቺ መቅረጫውን ትጫኛለሽ። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ነበር። በሦስቱ የመጨረሻ ዜማዎች ላይ ማንጎራጎሩንም ተዉትና «እንግዲህ ያንቺን ንፊ» አሉኝ። አልበሙ በእሳቸው ስም ወጣ። ተስማምቼ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን በዚያው ክፍል ውስጥ ወደ አንቺ ዞረው «እኔ ካለፍኩ በኋላ ስሟን ትጠሪላታለሽ» ሲሉ እሺ ብለሻል።

አለፉ። ዓመትም ሞላቸው። አሁን የጉዞው የመጨረሻ ኮንሰርት እዚያው መድረክ ላይ ተቀርጾ ሌላ አልበም ሊሆን ነው፤ እነዚያኑ ሦስት ዜማዎች ሌላ ሰው ሊነፋቸው ነው። ከዚያ በፊት ለፒያኒስቱ ንገሪው። የጠየቅኩሽ ይህን ብቻ ነው።

የወንድምሽ ልጅ

ኅዳር 11

ለነገረኛዋ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? እህል ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ቆመሽ ነው የምትጎርሺው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ጠዋት ይኮርፋል፣ ከሰዓት ይታረቃል። ያደርንበት ሆቴል አሳንሰሩ ተበላሽቶ በደረጃ ስወጣ ሁለት አስተናጋጆች ግራና ቀኝ ደግፈውኝ፣ ሙሽራ መሰልኩ።

አዳራሹን ልንገርሽ፣ በየከተማው ጢም ይላል። ሰው ያለቅሳል። አንዲት ሴት እጄን ይዛ አልለቅ ብላኝ፣ ባሏን ያገባችው የጋሼሽን ዘፈን እየሰማች እንደሆነ ነገረችኝ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ያንን የጋሼሽን ጉንጭ መነፋት በልጅነቱ መስታወት ፊት ቆሞ ይለማመድ እንደነበር አጫወተኝ። እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ።

በእሱ ቦታ የተቀጠረው ነፊ ክፉ ልጅ አይደለም። ከረባት ሳያስር ቁርስ አይቀርብም፤ ስለዚህ ባንዱ ከረባት ብሎ ሰይሞታል። ፒያኒስቱ ጠምዶ ይዞታል። ሦስተኛው ዜማ መሐል ላይ ድምፁ እንደ መታነቅ የሚልባት ቦታ አለች አይደል? «የሊቁ ሲቃ» ይሏታል። ያችን ሲቃ በትክክል ሳትሰጠኝ አትተኛም እያለ አንድ ቦታ ላይ ያመላልሰዋል። ልጁ ከንፈሩ አብጧል።

የምለምንሽ ነገር አለኝ። የጋሼሽ ማውዝፒስ፣ ያ ከንፈሩ የሚያርፍበት ብረት፣ አንቺ ጋ እንዳለ ለፒያኒስቱ ነግሬዋለሁ። የመጨረሻው ኮንሰርት ሲቀረጽ ከረባት በእሱ እንዲነፋ ይፈልጋል፤ አዲሱ አልበም ሽፋን ላይም ሊጽፉት ነው። በጥጥ ጠቅልለሽ ላኪልኝ።

ያንን ነገር ስመጣ ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን። ደብዳቤ የሰው እጅ ይገባል።

አክስትሽ

ኅዳር 17

ለአክስቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ቆሜ።

ማውዝፒሱ እኔ ጋ ነው፤ አልልከውም። እሺ ብዬ ሊሆን ይችል የነበረው አንቺ የጠየቅኩሽን መልሰሽልኝ ቢሆን ነበር። አንቺ ስለ አሳንሰር ጻፍሽልኝ።

አሁን ስለ ሲቃው ልንገርሽ፤ አንቺም ሳትረሺው አትቀሪም። የትራምፔቴ ሁለተኛው የጣት ቁልፍ ነው። የቁልፍ ዘይት ጨርሼ ነበር፤ ዜማው መሐል ላይ ቁልፉ ወርዶ እዚያው ተጣበቀ፤ ድምፁ ታንቆ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ በግራ እጄ መንጭቄ እስካወጣው ድረስ ያንኑ የታነቀ ድምፅ ይዤ ቆየሁ። ጋሼ አልጋው ላይ ሳቃቸው መጣ፤ አንቺ ሳቁ እንዳይቀረጽ ዘለሽ አፋቸውን በመዳፍሽ ያዝሽ። ልድገመው ስላቸው «ተዪው፣ ያምራል» አሉ። ጋዜጣው ግን ሞትን ፊት ለፊት ያየ ሽማግሌ ሲቃ ነው ብሎ ጻፈ። እንግዲህ አንድ ትልቅ ሰው ከረባቱን አስሮ፣ ደህና ቁልፍ ይዞ፣ የተበላሸ ቁልፍ ለመምሰል ከንፈሩ እስኪያብጥ እየለፋ ነው ማለት ነው። ባዝንለት ደስ ይለኝ ነበር። ሳቅኩበት። ከዚያ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረ፣ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ምን ልታደርጊ አስበሻል ብለሽ እንደማስፈራራት ያለ ነገር በጠርዙ ላይ ጽፈሽ ሰርዘሽዋል፤ የተሰረዘውም ይነበባል። ስለዚህ ልመልስልሽ። ጋዜጣ ቤት አልሄድም። ብሄድ ቅጂ ነሽ ይሉኛል። በዚህ ዓለም ላይ ማንን ቀዳሽ ብትባይ ራሴን የምትል ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ምስክሬ አንቺ ብቻ ነሽ፤ መቅረጫውን የያዘው እጅ ያንቺ ነው።

የመጨረሻውን ኮንሰርት በንግግር የምትከፍቺው አንቺ መሆንሽን ፕሮግራሙ ላይ አንብቤያለሁ። እዚያ ተናገሪ። ካልተናገርሽ ስትመለሺ እዚህ ቤት አታገኚኝም። ይህን በንዴት አልጻፍኩትም፤ ሦስት ቀን አሳድሬ፣ ዛሬም ያው ሆኖ ስላገኘሁት ነው የጻፍኩት።

የወንድምሽ ልጅ

ኅዳር 26

ልጄ፣

ሰላምታውን ዝለዪው፤ ዛሬ እኔም አልቻልኩበትም።

ነግሬዋለሁ። ከሁለተኛው ከተማ ጀምሮ ያውቃል። ቁርስ ላይ ነበርን፤ ደብዳቤሽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እንዳለ አወራሁት። ስኒውን አስቀምጦ ለሌላ ለማን እንደነገርኩ ጠየቀኝ። ለማንም ስለው ፊቱ ተመለሰ። «እመቤቴ፣» አለኝ፣ «ሕዝቡ ትኬት የገዛው የሚሞት ሰው ትንፋሽ ሊሰማ ነው። የሚስቱን የወንድም ልጅ ልምምድ ሊሰማ አይደለም። ደግሞ ቢናገሩ፣ ለምን መንፋት አቃታቸው ብሎ ይጠይቅዎታል። ያኔ ምን ሊሉ ነው?»

እዚህ ላይ ያዘኝ። ሳልነግርሽ የቆየሁትም ለዚህ ነው፤ ደካማ መሆኔን ከሱ አፍ ሰማሁት።

አንቺ የምታውቂው ግማሹን ነው። ወደ ክፍሉ ስትገቢ ጋሼሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በአንገት ልብሱ ሸፍኖ ይጠብቅሽ ነበር። ግራ ፊቱ እንዴት እንደወረደ ያየሁት እኔ ነኝ። ውሃ ሲጠጣ በአገጩ ይፈስ ነበር። መስታወቱን ከግድግዳው ያወረድኩት፣ እንግዳ ሲመጣ ተኝቷል እያልኩ ከበር የመለስኩት እኔ ነኝ። ጫማው ሳያበራ ከደጅ የማይወጣ ሰው ነበር። ያ የጻፍኩልሽ ጎልማሳ በልጅነቱ መስታወት ፊት የተለማመደው ያንን ጉንጭ ነው። አሁን እኔ መድረክ ላይ ቆሜ ያን ጉንጭ ልውሰድባቸው?

አንቺን ላወጣ ስል እሱን አራቁተዋለሁ። እሱን ልሸፍን ስል አንቺን እቀብራለሁ። ከሁለታችሁ ማንን ልምረጥ? ጠላት ሆኜ አይደለም። ንገሪኝ።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 2

ለአክስቴ፣

ማንን ልምረጥ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ምረጪ አላልኩሽም። ጋሼ መርጠው ጨርሰዋል፤ አንቺ ፊት ነው የመረጡት። ፊታቸው ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ እያወቁም ስሟን ትጠሪላታለሽ አሉ። ከእሳቸው በላይ ለእሳቸው አትፈሪ።

ትላንት በማስተምርበት ትምህርት ቤት ምን እንደገጠመኝ ልጻፍልሽ። ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ጎበዟ፣ ያንን አልበም ይዛ መጣች። ሦስተኛውን ዜማ አሰማችኝና «መምህር፣ እርስዎ እንዲህ መንፋት ይችላሉ?» አለችኝ። እሞክራለሁ አልኳት። ነፋሁላት። በትህትና ቅርብ ነው አለች፤ ግን የሳቸው የኖረ ሰው ድምፅ ነው አለች። ነጥብ እንዳልቀንስባት እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ጋሼ ከእንግዲህ የሚያፍሩበት ፊት የላቸውም፤ ተቀብሯል። እኔ ግን በየቀኑ በዚህ ፊቴ እወጣለሁ።

ሻንጣዬ በሩ ሥር ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የወንድምሽ ልጅ

ታኅሣሥ 15

ልጄ፣

«የሚወራው እውነት ነው?» የምትለዋ አንድ መስመርሽ ደረሰችኝ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው።

ፒያኒስቱ የጻፈልኝን ንግግር ይዤ ወደ መድረኩ ወጣሁ። እንዳላነበው ብዬ መነጽሬን ክፍሌ ትቼው ነበር። የማየው ነገር ቢኖር መብራቱንና የመቅረጫውን ማይክ ብቻ ነው። በመጨረሻው አልበም ላይ የሚሰሙት ትራምፔት የባሌ እንዳልሆነ፣ የነፋችው የወንድሜ ልጅ እንደሆነች፣ የቀረጽኩትም እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ ነው ያልኩት።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ፊት ወንበር ላይ ያለች ሴት እንባዋን ትጠርጋለች። ልጄ፣ ቅኔ የተናገርኩ መሰላቸው። መንፈሱ ተማሪው ላይ አደረ፣ በልጆቹ ትንፋሽ ይኖራል፣ እንደዚያ እንደሚባለው ዓይነት። ፒያኒስቱ ፈጣን ነው፤ ማይኩን ተቀብሎኝ «እውነታቸውን ነው፤ ዛሬ በሁላችንም ውስጥ የሚነፋው እሱ ነው» አለ። እንደገና ተጨበጨበ። ከረባት ትራምፔቱን ወደ ከንፈሩ አነሳ።

ልወርድ ነበር። አልዋሽሽም። ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ ተናግሬያለሁ፣ ያልሰሙት እነሱ ናቸው፣ ከእንግዲህ ማን ይወቅሰኛል ብዬ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አድርጌ ነበር። ባሌም አልተነካ፣ አንቺም ተጠርተሻል። እንዴት ያለ ምቹ ነገር ነበር። ግን እያጨበጨቡ የሚቀብሩሽ አንቺን መሆኑን አየሁት።

ተመልሼ ማይኩን ከእጁ ወሰድኩ። አልሰጥም እንዳይል ሰው ያየዋል። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊቱ በየት በኩል እንደወረደ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚፈስ፣ ስለ አንገት ልብሱ፣ ስለ መስታወቱ። ለራሴም እንኳ ጮክ ብዬ ያላልኩትን። ስጨርስ እንዲህ አልኩ፦ «ስለዚህ አልነፋም። መንፋት አይችልም ነበር። እሷ ናት።»

ያኔ ማንም አላጨበጨበም። ሳል እንኳ አልነበረም። ከረባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ታዲያ እኔ የማንን ነው የምነፋው?» አለኝ፤ መልስ አልጠበቀም፤ ትራምፔቱን አውርዶ ከመድረክ ወጣ። ሦስቱን ዜማዎች ፒያኖና ባስ ብቻቸውን ተጫወቷቸው፤ መሐላቸው ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ነበር። ሲወጡ አንዳንዶች ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። አንዱ ሽማግሌ ምን ነበር በዝምታ ቢያልፍ አለኝ። ልጄ፣ የጠላሁት እሱን አይደለም፤ ለአንድ ዓመት ያልኩትን ነው መልሶ የነገረኝ።

ጠዋት ፒያኒስቱ ክፍሌ መጣ። አልጮኸም። አልበሙን የሚያሳትሙት ሰዎች ቀረጻውን ሰምተዋል፤ ወሬውም ከተማ አዳርሷል። የሚለው እንዲህ ነው። ስምሽ ሽፋኑ ላይ ይጻፋል፤ በአዲሱም፣ የቀድሞው እንደገና ሲታተምም። ሁለተኛው ንግግሬ ግን ተቆርጦ ይወጣል፤ የመጀመሪያውና ጭብጨባው ይቀራል። በሚቀጥለው ጉዞም «የሊቁ ምስጢራዊ ድምፅ» ተብለሽ አብረሽ እንድትነፊ ይፈልጋል። ማክሰኞ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በፊት መልስ እንድሰጠው ይፈልጋል።

ምን ልበለው? የምትዪውን ነው የምለው፤ ከራሴ አንድ ቃል አልጨምርበትም።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 19

ለአክስቴ፣

መልሱ ይህ ነው። እንዳለ አንብቢለት፤ ዛሬ መነጽርሽን አድርጊ።

ጉዞው ላይ አልሄድም። የማንም ምስጢር አይደለሁም። ስሜ በቀድሞው አልበም ሽፋን ላይ «ትራምፔት» ከሚለው ቃል ጎን ይጻፍ፤ ፊደሉ ከፒያኒስቱ ስም አይነስ፣ አይብለጥ። በሁለቱም አልበሞች ደግሞ ሦስቱ ዜማዎች ሥር «ድርሰት» በሚለው ላይ። የቀሩት ዜማዎች የጋሼ ናቸው፤ የእነዚያ ደራሲ ብለው ስሜን ቢያደርጉ ራሴ እከሳቸዋለሁ።

ስለ ጋሼ ፊት የተናገርሽው ይቆረጥ። ውሃው፣ የአንገት ልብሱ፣ መስታወቱ፣ ሁሉም። ፒያኒስቱ ስለፈለገ አይደለም፤ እኔ ስላልኩ ነው፤ ይህን ለይተሽ ንገሪው። ያን በአዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰምተዋል፤ ለእኔ በቂዬ ነው። ሰው ቤቱ ተቀምጦ እግሩን ሰቅሎ እየደጋገመ የሚሰማው አይሆንም።

ጭብጨባውም ይቆረጥ፤ ሁለቱም። «እውነታቸውን ነው» የሚለው የፒያኒስቱ ቃል አብሮ ይሂድ። ከንግግርሽ የሚቀረው «መንፋት አይችልም ነበር። እሷ ናት» የሚለው ብቻ ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ ግን አንዲት ነገር እንዳይነኩት። እንዳለ፣ በሙሉ ርዝመቱ ይግባ። የሚሰማ ሰው ማጫወቻው የተበላሸ መስሎት ይነሳ። ይህን ካልተቀበለ ስሜም ዜማዎቼም አይወጡም፤ ፒያኖና ባሱን ብቻ ይሽጥ።

አሁን ፒያኒስቱ የማያነበው። እዚህ ላይ ወረቀቱን እጠፊው።

ጋሼ የሚያፍሩበት ፊት የላቸውም ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ስጽፈው የተሳለ ነገር የጻፍኩ መስሎኝ ደስ ብሎኛል። ያን ፊት በየቀኑ ያጠብሽው አንቺ እንደሆንሽ አላሰብኩም። እኔ የተቀበረ ያልኩት ላንቺ አልተቀበረም ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አወጣሽው። ለኔ ብለሽ።

አመሰግናለሁ አልልሽም፤ የሰጠሽኝ የራሴን ነው፤ ዓመትም ዘግይተሻል። በዚህ ላይ አልታረቅሽም፣ አንቺም እንድታረቅሽ አትጠብቂ። ስለከፈልሽበት ነገር ግን ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ያ የኔ አልነበረም፣ የሁለታችሁ ነበር።

ደግሞ ጋሼ ይቀየሙኝ ይሆን ብለሽ በወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ጠይቀሻል። አይመስለኝም። ስለ ጫማቸው ካልተናገርሽ በቀር።

ማክሰኞ ስትደርሺ አለሁ። ቁልፍሽን ትተሽው ስለሄድሽ አንኳኪ። አዲስ ነገር እየሠራሁ ነው፤ እየነፋሁ ከሆነ ቶሎ አልሰማሽም። ለእጅሽ ሳትሳሺ፣ ጠንከር አድርገሽ አንኳኪ።

የወንድምሽ ልጅ